ለሟች የሰጠሁት መልስ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ አሰላ

እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሐና ትጽፋለች። ሳታሳምሪ ጻፊ ብያታለሁ።

ዛሬ ወደምትማርበት የቴአትር ክፍል ወሰደችኝ። መምህራቸው፣ «ቴአትር ከአምልኮና ከሙሾ ነው የተነሳው ይባላል፤ እርስዎ ለልጆቹ ያሳዩልኝ» አለኝ። በአርሲ እንደ እኔ ሙሾ የሚያወርድ የለም፤ እሺ አልኩ። መስከረም ላይ የቀበርኩትን ታናሽ ወንድሜን ደበላን አነሳሁ። ጮሌ ወረዳ ያለውን ገብሱን ሳያጭድ ጥሎት መሄዱን እያለቀስኩ ተናገርኩ።

ይሄኔ አንዱ ተማሪ ነጠላ ተከናንቦ ተነሳና፣ «ጋሼ፣ ገብሴ ታጨደ?» አለኝ።

ክው አልኩ። ለቅሶ ቤት ስለ ሟች ይነገራል እንጂ ሟች ሆኖ የሚናገር በዕድሜዬ አላየሁም። ዱላዬን አነሳሁ። ግን አፌ ቀደመኝ። «ታጨደ ወንድሜ፣ ጎተራ ገባ» አልኩት።

መምህሩ፣ «አያችሁ? ቴአትር የተወለደው አንዱ ከመሃል ወጥቶ ሲመልስ ነው» አለ። ልጆቹ እንደ ሠርግ አጨበጨቡ።

ገብሱ እኮ እንደቆመ ነው። ሐና፣ «አባባ፣ የልጁ እኮ ትወና ነው» ትለኛለች። ለእሱ ትወና ይሁን። እኔ ለደበላ ታጨደ ብያለሁ። ነገ ማጭዴን ይዤ ጮሌ እወጣለሁ።