የታጠበው የዋፍል ብረት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ነጥቶ መጣ። የዋፍል ብረቴን ነው የምለው። ጎረቤቴ ጫልቱ ጠዋት በአጥሩ በኩል "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ" ብላ አቀበለችኝ፤ ከላዩ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ እንቁላል። የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ ወጉን አሳምራ ታውቃለች። ብረቱን ስከፍተው ግን ያ ጥቁር፣ ሊጥ የማይዘው ፊቱ የለም። በአመድና በሽቦ ተፈግፍጎ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል።

"አሳምሬ አጠብኩልሽ" አለች።

"አመሰግናለሁ" ብዬ ገባሁ። ሊድያን ስወልድ አጠገቤ ያደረች ሰው ናት፣ ምን ልበላት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ይኼን ብረት እኮ መርጬ ነው የገዛሁት። እዚህ አምቦ ያስተምሩ የነበሩት ፈረንጅ ሴትዮ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ሁለት የዋፍል መጋገሪያ ለሽያጭ አወጡ። አንዱ በኤሌክትሪክ። ሌላው እሳት ላይ የሚጣድ ድፍን ብረት፣ ሁለት ክዳን፣ ረጅም እጀታ፣ ክብደቱ ሕፃን ልጅ ያህላል። ባለቤቴ ኤሌክትሪኩን አለ። "መብራት ሲጠፋ በትንፋሽህ ልትጋግርልኝ ነው?" አልኩት። እስከ ዛሬ ስንት ቀን መብራት ጠፍቶ እኔ ከሰል ላይ ገልብጬ አብልቼዋለሁ። አፉን ሞልቶ ሲበላ ኤሌክትሪኩን አያነሳውም።

ሴትዮዋ አጠባበቁን አስተማሩኝ። ሳሙና አይንካው። ትኩስ ሳለ በጨርቅ ጥረጊው፣ ዘይት ቀቢው፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፣ ዘይቱ እየተቃጠለ የሠራው ልብሱ ነው። ይኼን ሁሉ ለጫልቱ ነግሬያታለሁ። "እሺ እህቴ፣ ውሃ አላስነካውም" ብላ ነው የወሰደችው።

ዛሬ ሞከርኩት። ሊጡ ተጣብቆ እንቢ አለ፣ በቢላ ጫርኩት። ሊድያ ሳቀች፣ ፊቴን ስታይ ተወችው። እሑድ ሊድያን ለልጃቸው የጠየቁት ሰዎች ቤታችንን ሊያዩ ከሸነን ይመጣሉ። ዋፍል አበላቸዋለሁ ብዬ ያላወራሁለት ሰው የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

ገበያ ጌጤን አገኘኋት፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዋን። ባለፈው ሳምንት ጫልቱ ቤት ነበረች። የጫልቱ አማት ከሸነን መጥተው፣ ብረቱን ከፍተው አዩና "ልጄን በዚህ ነው የምታበዪው?" አሉ አለችኝ። ጫልቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? "የእኔ አይደለም እማዬ፣ የጎረቤቴ ነው። እሷ ዕቃ አታጥብም።" ከዚያ አማቷ እያዩ ተቀምጣ ፈገፈገችው።

ዕቃ አታጥብም። የድስቴን ጀርባ ሳይቀር እንደ መስታወት የማበራውን ሴትዮ። እዚህ አገር ሴት ወይዘሮ የምትባለው በምን እንደሆነ ጫልቱ ጠፍቷት ነው?

ሌላው ደግሞ አለ። አማቷና እሑድ የሚመጡት ሰዎች ሸነን አንድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ልጄን "የማታጥበዋ ሴትዮ ልጅ" እንዳይሏት ነው የምፈራው። ብረቱስ ብረት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ቀኑን ሙሉ ብረቱን እንደ አዲስ ምጣድ ሳሟሽ ዋልኩ። ዘይት በስሱ፣ እሳት፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ዘይት። ቤቱ ጭስ በጭስ።

ባለቤቴ "ቤቱ ነው የሚቃጠለው ወይስ አንቺ?" አለ።

"ሁለታችንም" አልኩት።

ጫልቱ በአጥሩ ተንጠራርታ "ማል ታቴ፣ ምን ሆነሻል? ምነው ዝም አልሽኝ?" አለች። ሥራ ይዣለሁ አልኳት። "እሑድ በስንት ሰዓት ልምጣ?" አለች። አጠገቤ ሆና እንግዳ ልታስተናግድ ነበር የተነጋገርነው። "እልክብሻለሁ" አልኩ። አልልክባትም።

ማታ ብረቱ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ደስ አለኝ፣ መቼስ እኔ በትንሽ ነገር ነው ደስ የሚለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

መጡ። የልጁ አባት ኦቦ ገመቹ ሳሎን ከባለቤቴ ጋር ተቀመጡ። እናትየው አዴ ብርቄ ግን ቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ፣ ከሰሉ ላይ ያለውን አዩና "የማትታጠበው ብረት ይቺ ናት?" አሉ።

እንግዲህ ወሬው ደርሷል። "አዎ አዴ፣ ይቺ ናት" ብዬ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ልብሱ፣ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ትንፋሽም አልወሰድኩ። የመጀመሪያው ዋፍል ተቀደደ። ሁለተኛው ግማሽ በግማሽ። ሦስተኛው ሙሉውን፣ ቡኒ ሆኖ ተላቀቀ። አዴ ብርቄ ቆመው በሉትና "ድስቶችሽን ከበር ስገባ አይቻለሁ" አሉ። ሌላ ጨምሪልኝም አሉ። ሲወጡ ሊድያን ሁለት ጉንጯን ሳሟት።

ደስታዬን ለጫልቱ ልነግራት ወደ አጥሩ ዞርኩ። ከዚያ መቀየሜ ትዝ አለኝ።

ሳህኗ እኔ ጋ ነው። ባዶውን አይመለስም፣ ወጉ ለእኔም ወግ ነው። አንድ ደህና ዋፍል አደረግሁ፣ የተቀደደውንም አጠገቡ። ታየው ብዬ ነው። ራሴ ወሰድኩት።

በሯ ላይ ተቀበለችኝ፣ አልቅሳለች። ጌጤ እሷም ጋ ደርሳ መስማቴን ነግራታለች ማለት ነው። ሳህኑን አየችና የተቀደደውን አነሳች።

"ይኼ የእኔ ነው" አለች። እዚያው ቆማ በላችው። "አማቴን ፈራሁ። አንቺን ደግሞ አልፈራሽም።"

ልሄድ ስል "አዴ ብርቄስ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ጨምሪልኝ አሉ" አልኩ። ፊቷ በራ፣ የእኔም ሊበራ ሲል ዞርኩ።

ብረቱን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። ነገ "አውሺኝ" ብትለኝ እሰጣታለሁ? እንጃ። እጄ ግን ከአሁኑ ለእሷ ሊያወርደው ወደ መደርደሪያው ሲዘረጋ አይቼዋለሁ።