የጋራው ባትሪና የእኔ አፍ

ይህን የሚጽፈው እጅ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ ነው።

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ፣ እንቅልፍህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? ምራቴስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። እናትህም ትተነፍሳለች፤ የዛሬው ነገሬ እሱ ነው።

ባለፈው «በላክህልኝ ሶላርና ባትሪ ሰፈሩን አበራሁት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ይጠናኛል» ብዬ አስጽፌልህ ነበር። ውሸት ነው። ሰፈሩ ጣሪያ ለጣሪያ ተያይዞ አንድ ትልቅ የጋራ ባትሪ ሲያስገባ እኔንም ግባ አሉኝ። «የእኔ ፀሐይ ለእኔ» አልኩ። ልታግባባኝ የመጣችውን ይህችኑ ልብስ ሰፊ «የሰው ፀሐይ ለማኝ» ብዬ ከደጄ መለስኳት። የእኔ ባትሪ ቀትር ሳይደርስ ይሞላል፤ የተረፈው ፀሐይ ጣሪያዬ ላይ በከንቱ ሲወርድ ይውላል። እነሱ ዘንድ ግን ቀን ተዘግቶ የሚውለው ቤት ያጠራቀመው ማታ ልጅ ለበዛበት ቤት ይተርፋል።

ከዚያ አራት ቀን ደመና ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ባትሪዬ አለቀ፤ የእናትህ መተንፈሻ መሣሪያ ጮኸና ዝም አለ። ከንፈሯ ጠቆረ። እኔ ጅሉ ባትሪውን በካልቾ እለዋለሁ። እናትህ ሰው ጥራ ስትለኝ እንኳ ኩራቴ እምቢ አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ጩኸቱን በግድግዳው ሰምታ ገመድ በመስኮት አሻግራ ከጋራው ሰካችልን። የእናትህን ትራስ ቀና አድርጋ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የጋራውም በደመናው ጎድሎ ኖሯል። ለእናትህ እንዲበቃ ብለው ሁሉም ቀነሱ። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘጋ። ይህችም የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዋን አጥፍታ የድሮውን በእግሯ ስትረግጥ ሁለት ቀን ሙሉ ሰማሁ። ኳ ኳ ባለ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሃምሳ ሎሚን እየተረትኩ ያሳደግኩህ ሰውዬ እኔ ነኝ።

አሁን ጣሪያዬ ከጋራው ተያይዟል። ይቅርታ ግን ፊት ለፊት ከአፌ አልወጣ አለ። ዕድሜ ልኬን ግንብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቃል አላውቅበትም። ስለዚህ ለአንተ የምጽፍ መስዬ በራሷ እጅ አስጻፍኳት።

ምራቴን፣ ትልቋን፣ ያንንም አስቸጋሪ ትንሹን ሳምልኝ። እናትህ «አባትህን አትቆጣው» ብላለች። ተቆጣኝ።

ከአሮጌው ቤታችን፣ ደመናው በገፈፈ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ።

በይ እህቴ፣ አሁን አንብቢልኝ። ስድቡን ዘለሽው ከሆነ መልሰሽ ጻፊው።