ዙፋን ነው ያልኩት መታከኪያ

ለተከበሩ የጥብቁ የሣር ምድር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ለአጥርዎ ጽናትን እየተመኘሁ፣ እኔ ጎብኚዎችን በፈቃደኝነት የማስጎበኝ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ ለማመስገንም ለመናዘዝም ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ እኔን ስላመኑ አመሰግናለሁ፤ ባለቤቴ እንኳ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ያልደፈረችው ነገር ነው። በሜዳው መሐል ያለው ጥቁር ድንጋይ የጥንት ንጉሥ ዙፋን እንደነበርና ከመቀመጥ ብዛት እንደለሰለሰ ለጎብኚ ያወራሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ድንጋዩ እሳተ ገሞራ ተፍቶት የቀረ ነው፤ ያለሰለሱትም ድሮ አውራሪሶች፣ ዛሬ ደግሞ የሜዳ አህዮችና ከርከሮዎች ናቸው፤ መዥገር ሲበላቸው ይታከኩበታል። ይህን ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ስለ እሳተ ገሞራ ስናገር ጎብኚው ያዛጋል፣ ስለ ንጉሥ ስናገር ፎቶ ያነሳል፤ እኔም ጭብጨባ እወዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ወሬዬን ያለ አንዳች ማጣራት በሰሌዳ ላይ አስጽፈው፣ ከግርጌው ስምዎን አክለው፣ «ዙፋኑን» በሽቦ ስላሳጠሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የእኔው ግን እያደር ከብዶ አጥር ወጣለት። ባለቤቴ ሰሌዳውን አንብባ «በል እንግዲህ፣ ያነገሥከውን ንጉሥ አንተው አውርደው» ብላኝ ሄደች።

ሦስተኛውን በቀልድ መጻፍ አቃተኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የሜዳ አህያ ውርንጭላ እንደ እናቷ ልትታከክ ሄዳ በሽቦው ተጠልፋ አገኘኋት። እግሯ ይደማ ነበር። የጠለፋትን ሽቦ በራሴ ፒንሳ ቆረጥኩት፤ እያነከሰች ወደ እናቷ ሄደች። እርስዎ ግን «የታሪክ ቅርስ አጥር አስቆርጧል» ብለው ለሜዳው የጥበቃ ሠራተኛ የስንብት ደብዳቤ አዘጋጅተዋል። ጥበቃው በዚያ ሰዓት በር ላይ ነበር፤ የአራት ልጆች አባት ነው፤ ስለ ዙፋኑም አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም። በእኔ አፍ የእሱ ጎጆ ሊፈርስ ነውና አፍሬያለሁ።

ስለዚህ ቅጣቱ ለእኔ፣ ሥራው ለእሱ፣ ድንጋዩም ለሚያሳክካቸው ይሁን። ይህ ካልሆነ፣ ቅዳሜ «ለታሪክ ምርምሬ» የምስክር ወረቀት ሲሸልሙኝ ንግግር እንዳደርግ ጋብዘውኛልና፣ ይህንኑ ደብዳቤ በድምፅ ማጉያ አነበዋለሁ። ጭብጨባ እንደምወድ ቀደም ብዬ ገልጫለሁ።

ለክቡርነትዎ ባለኝ ጥልቅ አክብሮት፣
ራሱ ባነገሠው ንጉሥ የተዋረደው ትሑት አስጎብኚዎ

ከፊርማ በኋላ፦ መታከኪያቸውን ያጡት ከርከሮዎች ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረዋል፤ ቁመታቸው የሚደርሰው ከግርጌው፣ የእርስዎ ስም እስካለበት ድረስ ነው። ሰሌዳው ሙልጭ ብሎ ሲለሰልስ፣ ማን ተቀምጦበት እንደነበር ለጎብኚ የምናገረው አላጣም።