በጠራራ ፀሐይ የበራ መብራት

ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የማያስተኛህ ትከሻህ ከዘንድሮው ብርድ ጋር እንዴት ይዞሃል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። እናታችን ቤት ብቻዬን ነኝ፤ ጣሪያው አሁንም በኩሽናው በኩል ያፈሳል፣ የኮክ ዛፏ ግን ባለፈው በጋም አላሳፈረችንም። ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት ከፍቶ የሚያነብ የእስር ቤት ጠባቂ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለእሱም ሰላምታዬ ይድረሰው። እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን እሱም ቢሰማው ግድ የለኝም።

ጠበቃህ ማርጎ ዌልስ ጉዳይህ እንደገና ሊታይ መሆኑን ሳትነግርህ አልቀረችም። ማስረጃውን ማን እንዳመጣላት ግን አልነገረችህም፤ እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ ብዬ ስለለመንኳት ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለማመስገን አትቸኩል፣ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሥራዬን ታውቃለህ። ፖሊሶቹ ከፈረቃ ሲወጡ የያዙትን ሰው ሁኔታ በስልክ ተናግረው ያስቀዳሉ፤ እኛ አራት ሴቶች ምድር ቤት ተቀምጠን፣ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን እንተይበዋለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ፊታቸውን ሳላይ በትንፋሻቸው ለየኋቸው። የሳጅን ሃልቨርሰን ቡድን የሚሠራው በእኛ በጥቁሮቹ ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ነበር። የእሱ ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ ተጠርጣሪው ሲያየኝ ደነገጠ፤ በእጁ የያዘውን ትንሽ የአደንዛዥ ዕፅ ከረጢት መሬት ላይ ሲጥል በመንገዱ መብራት በግልጽ አየሁት። የሚያዘው ሰው ይለያያል፣ ከረጢቱና መብራቱ አይለያዩም። እኔም ጣቴን ላሳርፍ ብዬ ቃሉን አንዴ ጻፍኩና ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጥኩት፤ አንድ ቁልፍ ስነካ ሙሉው ይወጣል። ማንም አላዘዘኝም። ሃልቨርሰን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ መናገሩም እየሰለቻቸው «ያችን የተለመደችዋን አስገቢያት» ብለው ያልፉ ነበር። ሃልቨርሰንም ለገና አንድ ሣጥን ቸኮሌት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ከሐዲዱ ማዶ፣ ከኮረብታው፣ ከነጮቹ ሰፈር የሚመጣውንም የምተይበው እኔው ነኝ። እዚያ መኪናው ውስጥ አደንዛዥ ዱቄት የተገኘበት የኮሌጅ ተማሪ «ደክሞት ነበር፤ መክረን ለአባቱ አስረከብነው» ይባልለታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያችን ቁልፍ ለኮረብታው ሰው አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም። ይህን ልብ ያልኩት ግን ዘንድሮ ነው።

አንተን ከፀጉር ቤትህ ደጃፍ አንሥተው የወሰዱህ ጊዜ፣ እስር ቤት ልጠይቅህ ስመጣ በመስታወቱ ማዶ ሆነህ ምን እንዳልከኝ አልረሳሁም። «ምንም አልጣልኩም፤ በእጄ የነበረው ማበጠሪያ ነው» አልከኝ። እኔ እሺ ብዬ አቀረቀርኩ። አላመንኩህም፣ ወንድሜ። ስንትና ስንት ሰው ያንኑ ከረጢት ሲጥል በጆሮዬ ስሰማ ኖሬ፣ አንተም የጣልክ መሰለኝ። የእናቴን ልጅ ትቼ ሃልቨርሰንን አመንኩ። እናታችን ምን ብለው እንደጻፉብህ ስትጠይቀኝ፣ ወረቀቱ ገና ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ ቃል በቃል ነገርኳት።  ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ስለ ሥራዬ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።

ባለፈው ጥቅምት አዲስ ኮምፒውተር ገባና አሮጌዎቹን መዝገቦች እንድናዛውር ታዘዝን። ያንተ ተራው ደረሰ። የተያዘበት ጊዜ ሐምሌ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ በመንገዱ መብራት በግልጽ አየሁት። ዐቃቤ ሕጉ አንብቦታል፣ ዳኛው አንብቦታል፣ መንግሥት ያቆመልህ ጠበቃም አንብቦታል። በእኩለ ቀን የበጋ ፀሐይ የምን መብራት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የእኛ ሰው ስምና ሰፈር ከላይ ካለ፣ ከታች ያለውን ማን ልብ ብሎ ያያል? መጸዳጃ ቤት ገብቼ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ሌሎቹን መፈለግ ጀመርኩ። በቀን ተይዘው የመንገድ መብራት የበራባቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች አገኘሁ። ሁሉንም ገልብጬ ለማርጎ ወሰድኩላት።

ነገሩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ ምድር ቤት የሚያናግረኝ የለም። ሳንድዊቼን ይዤ ስቀመጥ ሦስቱ ሴቶች ተነሥተው ይወጣሉ። ሃልቨርሰን ራሱ ወርዶ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና፣ ልደቴን ስንቴ አብረን እንዳከበርን አስታወሰኝ። ሲነሣ ቀስ ብሎ «እኔ ተናገርኩ እንጂ አልጻፍኩም። ብቻዬን የምሰምጥ እንዳይመስልሽ» አለኝ።

የእኛ ሰዎችም አልተቀበሉኝም። ሚስ ኧርሊንን ታስታውሳታለህ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ሰው የምታስቀምጠዋን። የልጅ ልጇ ከሠላሳ አንዱ ሰዎች አንዱ ነው። እሑድ ላቅፋት ስል በነጭ ጓንቷ ገታችኝና «አንቺ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጆሮሽን ለእነሱ አከራይተሽ ዛሬ አፍሽን ለእኛ?» አለችኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። አግዳሚው ላይ በግራዬም በቀኜም ሰው አልነበረም። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኛለሁ። እራቴን ስበላ ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነው። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚከብድ አንተ ቀድመህ አውቀኸዋል፤ እኔ ገና መማሬ ነው።

ችሎቱ መጋቢት አሥራ ሁለት ነው። ማርጎ በዚያው ቀን ትወጣለህ ብላ ተስፋ አድርጋለች። ስትወጣ የእናታችን ቤት ያንተ ነው፤ እኔ ያለሁበት ቤት መግባት ከከበደህ ቀድሜ እለቅልሃለሁ። ደንበኞችህ ዛሬም ይጠይቁኛል፤ ያንተን እጅ የለመደ ሌላ ዘንድ አይሆንለትም። አምላክ ከዚያ በር በጤና ያውጣህ፣ ያጎደለብህን ዘመን በዕድሜህ ላይ ይጨምርልህ፣ የእናታችን ጸሎት አይለይህ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ምስክር ሆኜ ስቆም የፖሊሶቹ ጠበቃ ያንተን ወረቀት ያሳየኛል። ከግርጌው በቀኝ በኩል የተየበችው ሴት ስም መነሻ የሆኑ ሁለት ትንንሽ ፊደሎች አሉ። የማን እንደሆኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም ምዬአለሁና እመልሳለሁ። ያን ጊዜ፣ ወንድም ዓለሜ፣ እባክህ ቀና ብለህ አትየኝ።

ታናሽ እህትህ