ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ የቆመው ሰው

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለኩባኒች ባይኬ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» እያልክ ትሸፍነዋለህ? የሞስኮ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ነበር። ስፌቱን ትቼ ኮምፒውተር ከተማርኩ ወዲህ ቢሮው የሰጠኝ ትልቁ ሥራ ይኸውልህ፤ እንደ እኔ የኖሩበትን ሙያ ትተው ወደ ኮምፒውተር ሥራ ለሚገቡ ሰዎች መንገድ የሚያሳይ ድረ ገጽ መንደፍ ነው። ገጹ ሰውየውን ይጠይቃል፣ መልሱን አይቶም «በዚህ በኩል ሂድ፣ ይህን ተማር» ይለዋል።

ለሙከራ የድሮ የስፌት ባልደረባዬን ቡርማካንን ጠራኋት። የመጀመሪያው ጥያቄ «የትምህርት ደረጃዎ?» የሚል ነበር። አየችውና ቦርሳዋን አነሳች። «አንቺ፣ ይሄ ነገርሽ እኮ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ዘበኛ ነው! ስምንተኛ ክፍል ብዬ ልዋረድልሽ?» አለችኝ። አለቃዬ ማክሳት ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርኩ። ጥያቄውን እንቀይረው ስለው «ገጹን ያዘዘው ደንበኛ የፈቀደው ይሄንን ነው፤ አርፈሽ ሥሪ» አለኝ። ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ቡርማካንን ራሷን ደንበኛው ፊት አስቀመጥኳት፤ ምላሷን ደግሞ ታውቀዋለህ። ጥያቄው «እስከ ዛሬ እጅዎ ምን ሲሠራ ኖረ?» በሚል ተተካ። «ልብስ ስቆርጥ» ብላ ስትጽፍ፣ ገጹ «ጨርቅ ሳያባክን የሚቆርጥ እጅ የገጽ ንድፍ አያቅተውም» አላት። ይኸው ትምህርት ጀምራለች።

እውነቱን ልንገርህ፤ ጥያቄዎቹን ስጽፍ ፊት ለፊቴ የተቀመጥከው አንተ ነበርክ። አሥራ አንድ ዓመት አገራችን ናሪን ከተማ ፊዚክስ ያስተማርክ ሰው ሞስኮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስትሸከም ይታየኛል።

ገጹ በተከፈተ በሳምንቱ የገቡትን ሰዎች መልስ አየሁ። ስም አይመዘገብም፤ ከተማ ብቻ። ከሞስኮ አንድ ሰው ገብቷል፤ «አስተማሪ ነበርኩ» ይላል። ስምንቱን ጥያቄ መልሷል። ዘጠነኛው «በደመወዝዎ የሚተዳደሩ ስንት ሰዎች አሉ?» ይላል። እሱ ላይ አርባ ደቂቃ ቆይቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። የአገራችን አስተማሪ ሞስኮ ውስጥ ሞልቷል፣ አውቃለሁ። ግን ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ አንተ ነበርክ?

ለእናታችን ነገርኳት። «ጻፊለት፤ እኛ ሸክሙ አይደለንም፣ ቤቱ ነን በዪው» አለችኝ። ባለቤትህ ጉልሳራም በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራ ጀምራለች። አንተ ተምረህ እስክትጨርስ ድረስ አንድ ዓመት እኔና እሷ ቤቱን እንይዘዋለን። ዘጠነኛውን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት ከገጹ አወጣሁት፤ ማክሳት እንኳ አልተቆጣኝም። ካቆምክበት ቀጥል።

እናታችን ዓይንህን ትስማለች። ጉልሳራ «ሹራቡን ይልበሰው፣ ሻንጣ ውስጥ አያስቀምጠው» ብላለች። አብሮህ ለሚኖረው ለኤርኪን ሰላም በልልኝ። ልጅህ ቤርመት የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ «አባዬ ሳያየው አዲሱ እንዳይበቅል» እያለች በየቀኑ መስታወት ታያለች።

እኅትህ ኑርጃማል
ቢሽኬክ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2023