ጎርፍ ላስቀራቸው የቀዳነው ትምህርት

ውድ ይርጋለም፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ደህና መሆንህን ግን ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን አየሁ። ግራጫ ሱፍ ለብሰህ፣ ከጀርባህ የሚያበራ ትልቅ ሰሌዳ ቆሞ፣ «ቴክኖሎጂ የማይደርስበት ተማሪ አይኖርም» ስትል ሰማሁህ። እኔ ወረታ አስፋልቱ ዳር ካለችው ምግብ ቤት ምሳዬን እየበላሁ ነበር። ጉርሻዬ እጄ ላይ ሲቀር አስተናጋጇ አይታኝ «መምህርት፣ ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። «አብረን እናስተምር ነበር» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ስልክ ስደውል ስብሰባ ላይ ነህ። እንግዲህ ልጻፍልህ። ደብዳቤን «መልሼ እደውላለሁ» ብለህ አትዘጋውም።

ከሐሙሲት ተነስተህ ወረታ ስትመጣ የምታውቀው ፊዚክስ ብቻ ነበር፤ ውኃውን ያሳየሁህ እኔ ነኝ። ርብ ሲሞላና ሜዳው ከጣና ጋር ሲገጥም፣ ከታች ቀበሌዎች የሚመጡት ልጆች መስከረምን ሙሉ፣ አንዳንዴም ጥቅምትን አጋምሰው ይቀሩብን ነበር። ሲመለሱ እኛ ሩቅ ሄደናል። ገሚሶቹ ከኋላ ተቀምጠው ይደናበራሉ፤ ገሚሶቹ «አይሆንልኝም» ብለው ወደ ሩዝ አጨዳው ይመለሳሉ። እኔ ለዓመታት እያየሁ ተለማምጄው ነበር። አንተ ግን አልተለማመድከውም። «አምሳል፣ መብራት ባይኖራቸው፣ ኔትወርክ ባይኖራቸው፣ በየቤታቸው ባለሚሞሪ ሬዲዮ አለ። መዝሙሩም ዘፈኑም በሱ ነው የሚገባው። ትምህርቱስ ለምን አይገባም?» አልከኝ።

የላቦራቶሪውን መጋዘን ታስታውሳለህ? ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሳችንን ድምፅ አንሰማም። ሲያባራ ጠብቀን፣ ጋቢህን እራሳችን ላይ ጥለን፣ በኔ ስልክ እንቀዳለን፤ በየሚሞሪ ካርዳቸው እየገለበጥን ለልጆቹ እንሰጣለን። አንተ ስለ ጉልበትና ፍጥነት ስታስረዳ ከውጭ አህያ ያናፋብህ ጊዜ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ። «እንደገና እንቅዳው» ስልህ «ተዪው፤ አህያዋም ተማሪ ናት» አልክ። ያንን ክፍል ልጆቹ ሁሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ፈተና ላይ «አህያዋ የጮኸችበት ጥያቄ መጣ» እየተባባሉ ሲወጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚያ ጋቢ ስር ሆነን ያልነገርኩህ ነገር ነበረኝ። አሁን አልነግርህም። ዛሬ የምጽፍልህ ስለሱ አይደለም፤ ደግሞም ጊዜው አልፏል።

ከዚያ ባሕር ዳር ተጠራህ። «ከላይ ሆኜ ይህንን ሥራ ለሁሉም ትምህርት ቤት አዳርሰዋለሁ» አልከኝ። አመንኩህ። የሸኘሁህ ደስ ብሎኝ ነው።

አንተ ከሄድክ በኋላ ስማርት ቦርዱ መጣ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። በስሙ አንድ ክፍል ተለቀቀለት፤ የብረት በር ተገጠመለት፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረማርያም ኪስ ገባ። ሥልጠናው አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አሠልጣኙ ከኛ ጋር ፎቶ ተነስቶ ሄደ። መብራት ሲኖር ቁልፉ የለም፤ ቁልፉ ሲገኝ መብራት የለም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ሰሌዳው በኢንተርኔት ካልታደስኩ ይላል። አቶ ገብረማርያምን ለምኜ ክፍሌን ላስገባ ስል «መምህርት አምሳል፣ ይህ ዕቃ በስሜ ነው የተፈረመው። ልጆቹ ቢሰብሩት ጡረታዬን ነው የሚሰብሩት» ይሉኛል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ታውቃቸዋለህ። ፈሪ ናቸው፤ የፈሩትም ያለምክንያት አይደለም።

እንግዶች የመጡ ቀን ግን ተከፈተ። ያን ቀን አንተም ነበርክ። ክፍሉ ተጠርጎ፣ ጄኔሬተር ከከተማ ተከራይቶ፣ እኔ የልብን ሥራ በሰሌዳው ላይ እንዳስተምር ታዘዝኩ። ልቡ መጣ፤ በቀይና በሰማያዊ ያማረ ሥዕል። ደም ከቀኝ ወደ ሳንባ ሲሄድ ላሳይ ስነካው ደርቆ ቀረ። ደግሜ ነካሁት። እኔ በላብ ተጠምቄ እዚያው ቆምኩ። ቾክ እንዳላነሳ ጥቁር ሰሌዳው ተነስቷል። ከዚያ አንዱ እንግዳ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ወደ አንተ ዞር አልኩ። «ቆይ፣ እዚህ ጋ ምን ይሠራል? እስቲ መምህሯን እንጠይቅ» ትላለህ ብዬ ነበር። አንተ ስልክህን እያየህ ነበር።

እሱን እንኳ ችዬው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መመሪያ ግን አንገበገበኝ። ተማሪ ምንም ዓይነት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይዞ እንዳይገባ፤ መምህር ያልጸደቀ የድምፅም የምስልም ትምህርት ለተማሪ እንዳይሰጥ። ካዘጋጁት ሰዎች መካከል ስምህን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩት። ስልኩ የተከለከለው በፈተና ኩረጃ ምክንያት መሆኑ ይገባኛል። ግን ያ «የድምፅ ትምህርት» የሚለው መስመር፣ ይርጋለም፣ የኛ መጋዘን እኮ ነው! አንተ እያለህ እንዴት ተጻፈ? ሌላ ሰው ቢጽፈው ባላወቀ ነው እል ነበር።

አሁን የፍሬህይወትን ነገር ልንገርህ። አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የመጣችው። አስረኛ ክፍል ነበረች። ከታች፣ ውኃው ቀድሞ ከሚይዘው ቀበሌ ነው የምትመጣው። አባቷ አያ ባየህ ሩዝ ያመርታሉ፤ ውኃው ሲሸሽ ጓያ ይዘራሉ። መስከረምን ሙሉ አልመጣችም፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ስትመጣ ግን ጠየቅኋት፣ መለሰች። ሌላ ጠየቅኋት፣ መለሰች። እንዲያውም አንተ የምትስቀውን ሳቅ ሳይቀር እየሳቀች ፊዚክሱን ለጓደኞቿ ታስረዳ ነበር። የቀዳነውን የያዘችውን ሚሞሪ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ልጅቱ መጠየቅ አትሰለችም ነበር፤ ደወል ተደውሎ እንኳ «መምህርት፣ አንዴ» ብላ ትከተለኛለች።

ኅዳር ላይ በር ላይ ፍተሻ ሆነና ያባቷ ሬዲዮ ከቦርሳዋ ተገኘ። በመንገድ እያዳመጠች ነበር የምትመጣው፤ ከበሩ ሳትደርስ የምታስቀምጥበት ዘመድ ቤት ያን ዕለት ተዘግቶ ነበር። ሬዲዮው ተወሰደ፤ ወላጅ ይምጣ ተባለ።

አያ ባየህ አጨዳ አቋርጠው በማግስቱ መጡ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ። ቢሮ አልተጠሩም። ለሌላው ትምህርት ይሁን ተብሎ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሰልፉ ፊት፣ ከልጃቸው ጎን አቆሟቸው። መመሪያው ተነበበ። «ልጅዎ መመሪያ ጥሳለች፤ ምን ይላሉ?» ተባሉ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው «አጥፍተናል፤ ይቅር በሉን» አሉ። ይህን ያሉት ተማሪዎቼ ፊት ነው። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። በማግስቱ ወንበሯ ባዶ ነበር። በሳምንቱም ባዶ ነበር።

ቢሮ ገባሁ። «የሰጠኋት እኔ ነኝ። እኔን ይክሰሱኝ» አልኳቸው።

አቶ ገብረማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አውቃለሁ። ድምፅሽ አይደል እንዴ እዚያ ውስጥ የሚያወራው? ግን አንቺን ብከስ የሚያስተምርልኝ ሌላ የባዮሎጂ መምህር የለኝም።»

«ስለዚህ ልጅቱ ትክፈል?»

«እኔ አላባረርኳትም። አባቷ ናቸው የወሰዷት።»

ያን ቀን ነው የደወልኩልህ። «አሚ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ መልሼ እደውላለሁ» አልክ። አልደወልክም። ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሳህም። ከዚያ በኋላ እኔም ተውኩት።

ቅዳሜ ራሴ ሄድኩ። ባጃጁ ጥርጊያው ሲያልቅ አወረደኝ፤ ከዚያ በድንበሩ ድንበሩን፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ቤተሰቡ ሁሉ ማሳ ላይ ነበር። ፍሬህይወት ማጭዷን ይዛ ከእናቷ ጎን ጎንበስ ብላለች። ስታየኝ ቀና አለች፤ ግን አልመጣችም። አባቷን አየች።

«እዚህ ድንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ መምህርት፤ እግርዎን ይታጠቡ» አሉ አያ ባየህ። ውኃ አስመጡልኝ፤ ጠላ አስቀዱልኝ። ስለ ሩዙ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ በሬው አወራን። ዋናውን ነገር ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«በሰው ፊት ሌባ አደረጓት እኮ።»

«ሌባ አላሏትም አያ ባየህ።»

«አላሏትም። ግን በኛ አገር ዕቃ ተይዞበት ሸንጎ ፊት የሚቆም ማን ነው? ሬዲዮው የኔ ነው። በላቤ የገዛሁት ነው። በራሴ ዕቃ ይቅርታ ጠይቄ መጣሁ። ጎረቤት ልጆቹን ሰምቶ፣ ‹የባየህ ልጅ ምን ሰረቀች?› እያለ ነው።»

እናትየዋ ከማሳው ሆነው «ተዋት ትሂድ፤ ሰው ምን አለ ብለህ ልጅህን ጨለማ ታስቀራለህ?» አሉ። ያኔ ነው ፍሬህይወት የተናገረችው፤ ለኔም ለአባቷም አይደለም፣ እንዲሁ መሬት መሬት እያየች።

«የልብን ነገር ግማሽ ላይ ነበርኩ። ደሙ ሳንባ ከገባ በኋላ የት እንደሚሄድ አልሰማሁም።»

እዚያው፣ ድንበሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ከሳንባ ወደ ግራ ልብ፣ ከግራ ልብ ወደ መላ አካል። እናቷ ማጨድ አቁመው «ታዲያ መቼ ነው የሚያርፈው?» አሉኝ። «አያርፍም» አልኳቸው። አያ ባየህ ጠላቸውን አስቀመጡ። «ከንግዲህ ሰው ፊት እንደማትቆም ቃል ይግቡልኝ፤ ሰኞ ትመጣለች» አሉ።

ቃል ገባሁ። በምን ሥልጣን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሰኞ አቶ ገብረማርያም ወረቀት አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ልጅቱ ሰልፍ ላይ ሳትቆም ክፍል ትገባለች፤ ሬዲዮውም ይመለሳል፤ እኔ ግን ያልተፈቀደ ትምህርት ቀድቼ መስጠቴን አምኜ፣ ሁለተኛ ላልሠራው እፈርማለሁ። «ለኔም ለአንቺም መሸፈኛ ነው» አሉኝ። ፍሬህይወት ከበሩ ውጭ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ ነበር። ፈረምኩ። ከዚያ መቀስ አወጡና ሚሞሪዋን ለሁለት ቆረጧት። ጥፍር የምታክል ነገር ናት፤ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ያንተ ምዕራፎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሌላ ቅጂ አለኝ፤ አትጨነቅ። ግን ስትቆረጥ ቆሜ አየሁ፤ አንተም ብታይ ብዬ ተመኘሁ።

ልጅቱ ተመልሳለች። ዓመቱንም ጨርሳ አስራ አንደኛ አልፋለች። ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ግን ጥያቄ አትጠይቅም። ስጠራት ትቆማለች፣ ትመልሳለች፣ ትቀመጣለች። ደወል ሲደወል ቀድማ ትወጣለች። እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። የብረት በሩም እንደተዘጋ ነው፤ ትናንት አልፌ ሳይ ደረጃው ላይ ሣር በቅሏል።

አሁን ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ከጣራ ገዳም በኩል ጠቁሯል። ስለዚህ የጻፍኩልህን ምክንያት ልንገርህ።

እንደገና እየቀዳሁ ነው። መጋዘኑ ስለተቆለፈብኝ ቤቴ ውስጥ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ። የአስራ አንደኛን ባዮሎጂ ሁለት ምዕራፍ ጨርሻለሁ። ፊርማዬን እያፈረስኩ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንተም እንድታውቅ በጽሑፍ ነገርኩህ። ነገ ሲጠይቁህ «አልሰማሁም» ማለት አትችልም። ስሜን ልትነግራቸው ትችላለህ። አልቀየምህም፤ ከዚህ በላይ የምቀየምበት ቦታ የለኝም።

የቸገረኝ ፊዚክሱ ነው። መጽሐፉ ተቀይሯል፤ ያንተ የድሮ ምዕራፎች ከአዲሱ ጋር አይገጥሙም። ካንተ በኋላ ፊዚክስ የያዘው ልጅ ገና አዲስ ነው፤ መመሪያውን ፈርቶ «ተይኝ፣ ገና አልተቀጠርኩም ማለት ይቻላል» ይለኛል። እኔ ላነበው ሞከርኩ። የማይገባኝን እያነበብኩ ልጆቹን ገደል ልከታቸው ነው።

ይቅርታ ጠይቀኝ አልልህም። ቴሌቪዥን ላይ ወጥተህ መመሪያውን አውግዝ አልልህም። መስመሩን ማስቀየር ብትችል ግን አስቀይረው፤ የጻፈው እጅ ይሰርዘዋል። እሱ እስኪሆን አዲሱን መጽሐፍ ገዝተህ፣ የቢሮህን በር ዝጋና አንብበው። እንደ ድሮህ አስረዳ። በስልክህ ቀድተህ በማንም ሹፌር እጅ ላክልኝ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማንም አልናገርም። ልጆቹ ግን ያውቁሃል።

ርብ ሐምሌ ሳይጋመስ ይሞላል። ከዚያ በፊት አድርሰው።

አምሳል
ከወረታ