ለዋልካ መሬት የሚሆን ትራክተር

ሰኞ፣ ግንቦት 8

ዛሬም አልፈረምሁም። ጓድ ታደሰ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ወደ እኔ ገፋው፣ ሦስት ጊዜ መልሼ ገፋሁለት።

ነገሩን በቅጡ ልጻፈው፤ አለዚያ ይምታታብኛል። ለአምራቾች ማኅበራችን አንድ ትራክተር ተፈቅዷል። ባሕር ዳር፣ መንግሥት መጋዘን ከቆሙት ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ ውሰዱ ተባልን። አንዱ ትልቅ ቀይ ነው፣ አዲስ። ሌላው ትንሽ ግራጫ፤ ድሮ አንድ ባለ ርስት ያርስበት የነበረ፣ ከተወረሰ ወዲህ ብዙ የቆመ። ሦስት ሰው መፈረም አለበት። ሊቀ መንበራችን ጋሸ አያሌው፣ ካድሬው ጓድ ታደሰ፣ እና እኔ። እኔን ያስገባኝ የጀልባ ሞተር መጠገኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጣና ላይ ሞተር ስፈታ ስገጥም ኖርሁ፣ ስለዚህ "ባለሙያ" ተባልሁ። ትራክተር ነድቼ ግን አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ጓድ ታደሰ ቀዩን ነው የሚፈልግ። የዛሬ ሳምንት ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ፤ ትራክተሩ ሲያርስ እንዲያዩለት ይፈልጋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ እንግዳው አይደለም። አምና አብዛኞቹ በሬዎቻችን በበሽታ አለቁ። በቀሩት ጥንዶች መሬቱን ሁሉ መድረስ አይቻልም። የወሰድነው ትራክተር ካላረሰልን ዘንድሮ ጤፍ የለም።

ጋሸ አያሌው ፈርመዋል። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

በባለቤቴ በዘይነባ ወንድም ጀልባ ወደ ባሕር ዳር ተሻገርሁ። የመጋዘኑ መካኒክ አቶ ወልዴ ይባላሉ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ከፍተው አሳዩኝ።

ቀዩ፦ ቁልፍ እንደተነካ ተነሣ። ጭሱ ንጹሕ። ዘይቱ ንጹሕ። የኋላ ጎማው ደረቴ ድረስ ይደርሳል። እንከን ፈለግሁበት፣ አጣሁ።

ግራጫው፦ ባትሪው ሞቷል። በሌላ ባትሪ አስነሣነው። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ አወጣ፣ ቆይቶ ጠራ። የማረሻ ማንሻው ዘይት ያንጠባጥባል። አንዱ ጎማ ተልጧል። ማረሻው ደህና ነው። ሲያዩት ከቀዩ ክብደት ግማሹን የሚሞላ አይመስልም።

አቶ ወልዴ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "ጥሩውን ነው የምትፈልግ ወይስ የሚሆናችሁን?" አሉኝ።

"ይለያያል እንዴ?"

"መሬታችሁ ምንድን ነው?"

"ዋልካ ነው። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ። ከግማሽ በላዩ ክረምት ሐይቁ ይተኛበታል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልወጣ ስል፣ "የቀዩ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣ። የግራጫውን እኔ እዚሁ ቀጥቅጨም ቢሆን እሠራዋለሁ" አሉ።

የሁለቱንም ስፋት፣ ከጎማ ጎማ፣ በገመድ ለክቼ ቋጠርሁ። ገመዱን ኪሴ ከትቼ ተመለስሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10

ማሳችን ለመግባት ከወንዙ ላይ አንዲት የእንጨት ድልድይ አለች፣ ሌላ መንገድ የለም። ገመዴን ዘረጋሁባት። ግራጫው በሁለት በኩል ስንዝር ስንዝር ተርፎት ያልፋል። ቀዩ አያልፍም። ቢያልፍም ግንዶቹ አይችሉትም፤ ሁለቱ በስብሰዋል።

ሄጄ ለጓድ ታደሰ ነገርሁት። ይህን ስነግረው ነገሩ ያልቃል ብዬ ነበር።

"ድልድዩ ይሰፋል" አለ።

"በስንት ቀን?"

"ሕዝቡ ከተቀሰቀሰ በአንድ ቀን።"

"መሬቱስ? ዝናብ ሲመጣ ትራክተሩ ይሰምጣል።"

በሩን ዘጋ። "ጓድ ሰይድ፣ ለሰፊው ሕዝብ የመጣን አዲስ መሣሪያ ትቶ አሮጌ ይሰጠን ማለት ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አሻጥር ነው። ደግሜ አልነግርህም። ወንድምህ ምን ብሎ እስር ቤት እንደገባ ረሳኸው?"

አልረሳሁም። ኢብራሂም ስለ አንድ ስብሰባ በተናገራት ቃል ሁለት ዓመት ታሰረ። አምና ተፈታ። አሁን ሰው በተሰበሰበበት አይናገርም።

ለዘይነባ ነገርኋት። "ፈርመህ ና" አለች። "ቢሰምጥ መሬቱ ይከሰስ።"

"ባለሙያው እኔ ነኝ፣ የምከሰስ እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ ባለሙያ አይደለሁም በላቸው!"

ምን ያህል እውነት እንደተናገረች አታውቅም። ይህን ደብተር ብታገኘው ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች፣ አልፈርድባትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11

የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ኃይለኛ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ብፈርም፦ ቀዩ ይመጣል፣ ይሰምጣል፣ መሬቱ ሳይታረስ ይከርማል። ባልፈርም፦ እኔን ይወስዱኛል። ግራጫውን አስመጥቼ ቢሰበርብኝስ? ሁለቱም ይደርስብኛል፤ መታሰሩም፣ ጦም ማደሩም።

ወደ ኢብራሂም ሄድሁ። ዳር ላይ የተገለበጠች ጀልባ እየጠገነ ነበር። ሁሉንም ነገርሁት። መዶሻውን አላስቀመጠም። ልነሣ ስል ተናገረ።

"ያየኸውን ተናገር። የለካኸውን ተናገር። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አትጨምር። እኔን የጎዳችኝ የጨመርኋት ናት።"

ዓርብ፣ ግንቦት 12

ዛሬ ሚካኤል ነው፣ የሚያርስ የለም። ከጁምዓ ስመለስ ጋሸ አያሌው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከጓድ ታደሰ ጋር መንገድ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ና ሰይድ፣ ለጓድ ታደሰ መሬቱን ላሳያቸው ነው" አሉኝ።

"መሬቱንማ አውቀዋለሁ" አለ ጓድ ታደሰ።

"ከመኪና ላይ ነው ያዩት። በእግር እንሂድ።"

አንድም ክርክር አላነሡም። እንደ እንግዳ ተቀባይ እየመሩ ብቻ ይሄዳሉ። "ይኸ የአንዲት እማሆይ ነበር፣ ሽምብራ ይሆንለታል። ይኸኛው ጓያ ነው፣ ይለፉ፣ ይለፉ።" የታችኛው ማሳ ስንደርስ የጓድ ታደሰ ቡትስ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ሊያወጣው ሲታገል ሌላው ገባ። ጋሸ አያሌው በባዶ እግራቸው ቆመው ጠበቁት። በመጨረሻ ግራ እግሩ ከነካልሲው ወጣ፣ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ።

አልሳቅሁም። አላህ ረዳኝ።

ጋሸ አያሌው ጎንበስ ብለው ጫማውን በሁለት እጃቸው መዝዘው አወጡና ሰጡት። "ይኸ ገና የአንድ ቀን ዝናብ ነው" አሉ። "እኔ የፈረምሁት ፈርቼ ነው፣ ጓድ። ይኸን ከሦስታችን ውጭ አልናገርም። ሰይድ ግን ትክክል ነው።"

ጓድ ታደሰ የጫማውን ጭቃ በሣር ጠረገ። እኔ የለካሁትን ደግሜ ነገርሁት። ስፋቱን፣ የበሰበሱትን ግንዶች። ከዚያ በላይ አልጨመርሁም።

"ቀዩን ያልፈለግከው አንተ መሆንህን ጽፈህ ትፈርማለህ" አለኝ። "ሰኞ ግራጫው ሳያርስ ቢቀር ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው።"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። "ግራጫው ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።" ሁለት መስመር ናት። ጓድ ታደሰ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

ቀዩን ወደ አንበሳሜ በኩል ያለ ማኅበር ወሰደው። ዳገታማና ደረቅ መሬት ነው፣ እዚያ ደህና ይሠራል።

ግራጫውን አቶ ወልዴ ራሳቸው እየነዱ አመጡልን። ድልድይዋን በሰላም አለፈ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል፣ ሴቶቹ እልል አሉ። መቶ ክንድ ያህል እንደሄደ አንድ ሁለቴ ተንተፋተፈና ቆመ። እልልታውም ቆመ።

አቶ ወልዴን መጋዘኑ ይጠብቃቸዋል፤ በጭነት መኪና ተመለሱ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 14

ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ ከኢብራሂም ጋር ፈታሁት። የናፍጣ ማጣሪያው ውስጥ ውሃ ነበር፣ ዝገትም። ብዙ መቆሙ ነው። የታንከሩን ናፍጣ ሁሉ ቀዳን። ናፍጣው በኩፖን ነው የተሰጠን፣ ሌላ የለም፤ ዘይነባ ሻሿን አውልቃ ሰጠችን፣ በእሱ አጠለልነው። ማጣሪያውን አጥበን መለስን። ብሎኑን አላልቼ፣ ፓምፑን በእጄ እየገፋሁ በናፍጣው መስመር የገባውን አየር አስወጣሁ። ይኸን ከጀልባ ሞተር አውቀዋለሁ፤ ነገሩ አንድ ነው። እጄ ሥራ ሲይዝ ፍርሃቱ ትንሽ ለቀቀኝ።

ጋሸ አያሌው ከቅዳሴ መልስ መጡ። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝና ነገርኋቸው። "ጋሸ፣ ትራክተር ነድቼ አላውቅም።"

"እኔስ ሊቀ መንበር ሆኜ አውቅ ነበር?" አሉ። "ውጣና ተለማመድ።"

ባትሪው ደካማ ስለሆነ ገፍተን አስነሣነው። ሜዳው ላይ ዞርሁ። አንድ ጊዜ የአጥር ግንድ ነካሁ። ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ማረሻ ዝቅ አድርጌ ግን አልሞከርሁም፤ ሰንበት ነው፣ አፈር አትንካ አሉኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 15

እንግዶቹ በሁለት ላንድሮቨር ከረፋዱ መጡ። ስድስት ሰው ናቸው። ሌሊት ዘንቧል።

ትራክተሩ አልነሣም አለ። ሃያ ሰው ያህል ገፋ፣ አልነሣም። ዘወር ስል ጓድ ታደሰ እጅጌውን ሰብስቦ ከኋላ ትከሻውን አስጠግቷል፤ ፊቱ ቀልቷል። "በል ማርሽ አስገባ!" ብሎ ጮኸብኝ። እንደገና ተገፋ። አንቋረረ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ተነሣ።

ማረሻውን አወረድሁ። መጀመሪያ ጎማው ተንሸራተተ። ጋዙን ቀነስሁ፣ ቀስ አልሁ፣ ያዘ። ጥቁሩ አፈር እየተገለበጠ ከኋላዬ ሲመጣ አየሁት። አልሰመጠም። ከጫፍ ጫፍ ሄጄ ተመለስሁ።

ስመለስ ከእንግዶቹ አንደኛው ጓድ ታደሰን፣ "ለምን እንዲህ ትንሽ ወሰዳችሁ?" ሲለው ሰማሁ።

"መሬታችን ዋልካ ነው" አለ ጓድ ታደሰ። "አጥንተን ነው የመረጥነው።"

እንግዶቹ ብዙ አልቆዩም። እኛ እስከ ማታ አረስን፤ ሦስት ማሳ ጨረስን። ማንሻው ዘይት ማንጠባጠቡ ብሷል፣ ቆርቆሮ ሥሩ አስቀምጠን እየመለስን ነው የምንሞላው። ሐሙስ አቶ ወልዴ ዘንድ መሄድ አለብኝ።

ጓድ ታደሰ ወረቀቴን አልመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ጣቶቼ አሁንም የመሪውን ንዝረት ይሰማቸዋል። ነገ ኢንሻአላህ የታችኛውን ማሳ እንሞክራለን። ያ ነው ክፉው።